ፍላሽ ላይ ያልተገለበጠው

ዕድላዊት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ፣ በእናቷ ቤት የመንገድ ዳር ክፍል፣ የጽሕፈት ሥራ ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። ኮምፒውተሯ ከጨረታ የተገዛ አሮጌ ነው፤ ለመነሳት ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ ሲሞቅ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ለማመልከቻና ለሲቪ ግን አሳፍሯት አያውቅም።

ባለፈው ክረምት፣ ከተራራው ላይ ካለችው የኦቾሎ መንደር አቶ ካሱ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ደክሟል።

"ልጄ፣ የአባቶቻችንን የእርቅ ንግግር የሚያውቅ ከእኔ በቀር አልቀረም። እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊልኝ" አሏት።

ሦስት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየወረዱ በጋሞኛ ተናገሩ፤ እሷም ጻፈች። መቶ አርባ ገጽ ሞላ።

"ኧረ ፍላሽ ላይ ገልብጪው!" ትላት ነበር እህቷ ሜሮን።

"ሲያልቅ አንድ ላይ እገለብጠዋለሁ።"

በጥቅምት አንድ ረቡዕ መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ መጣ። ኮምፒውተሩ ጠቅ ጠቅ ሲል ቆይቶ ጠቆረ። ጠጋኙ ሰይፈሥላሴ ፈታትቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

"ሃርድ ዲስኩ ሞቷል። አዲስ ቢገባለትም ውስጡ የነበረው አይመለስም።"

አዲስ አበባም ተልኮ ነበር፤ እንደ ሄደ ተመለሰ።

ለአቶ ካሱ እውነቱን መናገር አቃታት። "አሞኛል" እያለች ሦስት ቅዳሜ አስቀረቻቸው። በአራተኛው ልቧን አጽንታ ኦቾሎ ወጣች። ባለቤታቸው ወይዘሮ ልክነሽ ደጅ ላይ ተቀበሏት።

"ማክሰኞ ድንገት ወደቀብኝ፣ ልጄ። ግማሽ ጎኑ አይታዘዝም። አንደበቱም ተዘጋ።"

አቶ ካሱ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ። ደህናውን እጃቸውን ዘርግተው፣ ኮምፒውተር ላይ እንደሚጽፍ ሰው፣ ጣቶቻቸውን አንቀሳቀሱ።

"ስለ ጽሑፉ መጠየቁ ነው" አሉ ወይዘሮ ልክነሽ። "አሁን የሚያጽናናው እሱ ብቻ ነው።"

ዕድላዊት እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

"ጠፍቷል፣ አባባ። ሁሉም ጠፍቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ጣቶቻቸው ቆሙ። ሊናገሩ ታገሉ፤ የወጣው ግን ድምፅ እንጂ ቃል አልነበረም። ላብ እስኪያጠምቃቸው ደጋግመው ሞከሩ። ዕድላዊት ጆሮዋን አስጠጋች። ይቅር እያሏት ይሁን እየረገሟት፣ ወይስ የመጀመሪያውን ንግግር እንደ አዲስ እያስጻፏት፣ ለይታ ማወቅ አልቻለችም።

የገና በዓል ሳይደርስ አቶ ካሱ አረፉ። ከቀብር መልስ ዕድላዊት ደብተር ገዝታ የምታስታውሰውን ልትጽፍ ተቀመጠች። ሦስት መስመር ጻፈች፤ አራተኛው አልመጣላትም።