ጥልቅ ብዬ እና የኮቱ ቁልፍ

በሰፈሩ «ጥልቅ ብዬ» ሲባል ሁሉም የሚያስበው ልብስ ሰፊዋን ነበር። ጥልቅ ብዬ ማለት እንግዲህ ባልጠሩት ቤት የሚገኝ፣ ባላማከሩት ጉዳይ የሚመክር ሰው ነው። እሷ ግን ስድብነቱ አይታያትም። ወገብ ስትለካ ስለ ባል፣ ክንድ ስትለካ ስለ ደሞዝ ትጠይቃለች፤ ሜትሩ አንገት ላይ ሲደርስማ ማን ይዋሻታል!

ልጇ በዚህ ነገር ተቃጥላለች። አምና ይዛው የመጣችው ጓደኛዋ የአያቱን በሽታ ሳይቀር ተጠይቆ እንደወጣ ቀርቷል። ዘንድሮ የምትወደውን የአውቶቡስ ሹፌር ልታስተዋውቅ ስትል እናቷን አስጠነቀቀች።

«እማዬ፣ ዛሬ በሰው ነገር ጥልቅ እንዳትይ! ይሄም ከሸሸ ሁለተኛ ፊትሽን አላይም።»

«እኔ ምን አገባኝ! አፌን በመርፌ እሰፋዋለሁ።»

ሹፌሩ መጣ። እናት ሻይ ቀዳች፣ ስኳር አቀረበች፣ ዝም። ዓይኗ ግን ኮቱ ላይ ተተከለ። ኮቱ ጥቁር፤ የመሃሉ ቁልፍ ደግሞ በቀይ ክር፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ሆኖ ተንጋዷል። «ማን ነው እንዲህ ያለ ግፍ የሠራው?» ልትል ፈለገችና በሻይ አወራረደችው።

ሹፌሩ ስለ መንገዱ መጨናነቅ አወራ፤ «እሺ» አለችው። ስለ ዝናቡ አወራ፤ «እሺ»። በመጨረሻ ፊቱ ተለዋውጦ ብድግ አለ።

«እማማ፣ እንዳልወደዱኝ ገብቶኛል። ልጅዎን ፈልጌ መጥቼ የማን ልጅ ነህ እንኳ አላሉኝም።»

ልጅቷ ሮጣ በሩን በጀርባዋ ዘጋችው።

«እማዬ፣ በናትሽ ጠይቂው!»

«ያልሽኝን ረሳሽው?»

«ጠይቂው ስልሽ!»

ሰፊዋ እፎይ አለች። የተጠራቀመው ብዙ ነበር፤ ቀድሞ ያመለጣት ግን፣ «ይሄን ቁልፍ ማን ተከለልህ?» የሚለው ሆነ።

ሹፌሩ ፈገግ ብሎ ልጅቷን አያት። ልጅቷ እስከ ጆሮዋ ቀልታ አቀረቀረች።

እናቷ መርፌ ያዢ ብላ ስትለምናት «እኔና መርፌ አንስማማም» እያለች ያደገች ልጅ! የእናት ሆዷ ባባ። ስለ ዘር ማንዘሩ ልትጠይቅ ያሰበችው ሁሉ ከአእምሮዋ ጠፋ።

«ቁጭ በል፣ ልጄ» አለችው።

ልማድ ሆኖባት መቀስ አነሳች፤ ቁልፉን ፈትታ በወጉ ልትተክለው። ቁልፉን አየችው፣ ልጇን አየቻት። መቀሱን መልሳ አስቀመጠችና ሻይ ልትጨምርላቸው ሄደች።