ደርሷል

የክረምት ዝግጅት ስብሰባው የተደረገው በሰኔ፣ በቀበሌያችን ቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ነው። ከወረዳ የመጣው ባለሙያ የዘንድሮው ዝናብ «ከመደበኛ በላይ» እንደሚሆን ነገረን። በዕድሜም በጥርጣሬም ሁላችንንም የሚበልጡት አያ መባ እጃቸውን አወጡ።

«መደበኛው የትኛው ነበር፣ ልጄ? አይተነው እንደሆን ብዬ ነው።»

ባለሙያው ፈገግ አለና ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፈ። የሚቀጥለው ነጥብ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና ከብቶች ጎርፉ ሳይመጣ ወደ ከፍታ ቦታ ይውጡ ይላል። በኛ ሜዳ ከፍታ ቦታ ማለት የማህበሩ መጋዘን ነው። ማዳበሪያውን ውሃ እንዳይነካው ተብሎ በድንጋይና በቀይ አፈር ተደልድሎ ነው የተሠራው። ሰውን ውሃ እንዳይነካው ተብሎ የተደለደለ ቦታ ገና በዕቅድ ላይ ነው።

ከዚያ የማስጠንቀቂያው ነገር ተነሳ። ክንዴ ከላይ ድልድዩ ዘንድ ሆኖ የርብን ወንዝ ይጠብቃል። ውሃው ምሰሶው ላይ የተቀባውን ቀይ ቀለም ሲነካ ለግብርና ሠራተኛው ለሰውመሆን ይደውላል። ሰውመሆን ለየጎጡ ይደውላል፣ ጎጡም ጎረቤቱን ይጠራል። ችግሩ ስልኩ ነው። በክረምት አንድ ቃል ካሳለፈ ሁለተኛውን ይውጠዋል። ስለዚህ አንድ ቃል መምረጥ ግድ ሆነ።

«ጎርፍ ይባላ!» አልን። ባለሙያው አልወደደውም፤ መመሪያው ሕዝቡ ሳይደናገጥ እንዲሸሽ ነው የሚያዘው።

«ሞላ ይባል» አለ አንዱ። በአዳራሹ የነበሩት ሞላዎች ሁሉ «አቤት!» አሉ።

«መጣ ይባል» አለ ሌላው። በዚህ ዘመን «መጣ» ከተባለ ማን እንደመጣ ለመጠየቅ የሚቆም የለም፤ ሁሉም ሊደበቅ ወደ ደንገሉ ሣር ነው የሚሮጠው። ደንገሉ ያለው ደግሞ በውሃው በኩል ነው።

በመጨረሻ ሊቀመንበራችን እንግዳው ጉሮሮውን ጠረገ። «ደርሷል ይባል። ረጋ ያለ ቃል ነው።»

አጨበጨብንና ወጣን።

ሐምሌ ገባ። ሩዙ በቅሎ ቁጥቋጦ ሲያወጣ ዩሪያ ማዳበሪያ ጠፋ። «መኪናው መንገድ ላይ ነው» ይሉናል። ሳምንት አልፎ ስንጠይቅም መኪናው መንገድ ላይ ነው። ዩሪያውን የሚያከፋፍለው ያው ሰውመሆን ነው፤ የሚደውለውም በያው ስልክ ነው። የመጋዘኑ በር ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ «ባለቤቱ ራሱ ካልቀረበ አይሰጥም»። ያልቀረበ ሰው ወደ ሰልፉ ጭራ ይወርዳል፤ ጭራው ጋ ሲደርስ ደግሞ ዩሪያው ያልቃል።

ከሁላችንም በላይ የቸገረው አንለይ ነበር። ማሳው ቢጫ እየሆነበት ነው፣ ሚስቱ ልዕልትም የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። የጤና ኤክስቴንሽኗ ይርጋለም ጭቃውን እየረገጠች ቤቱ ድረስ መጣች።

«አንለይ፣ ሚስትህን ወረታ እናቶች ማቆያ የምታስገባት መቼ ነው? ውሃው ከሞላ በኋላ በምን ልታወጣት ነው?»

«ዩሪያው ይድረስና በማግስቱ።»

ልዕልት ደጃፉ ላይ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። «ሰማሽ ይርጋለም? እኔ የሁለተኛ ዙር ነኝ።»

«አንቺ ደግሞ! እኔ ወረታ ሳለሁ ቢመጣስ? ሩዙ ካልያዘ ልጁ ተወልዶ ምን ሊበላ ነው?»

ይርጋለም ጭቃውን እየረገጠች ተመለሰች። ሴትዮዋ ጎመኑን እየቀነጠሰች፣ ሰውየው ስልኩን እያየ ሐምሌ አለቀ።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ሰማዩ ጠራ። ሌሊቱን የዘነበው እኛ ዘንድ ሳይሆን ርብ በሚነሳበት በጉና ተራራ ላይ ነው። ፀሐይ ሲወጣ ደስ ብሎን አረም ላይ ነበርን። የአንለይ ስልክ ጮኸ።

«ደርሷል—» አለ የሰውመሆን ድምፅ፤ ተቆረጠ።

«ደርሷል!» ብሎ ጮኸ አንለይ። «እናንተ ሰዎች፣ ደርሷል!»

ጎጡ በአንድ እግሩ ተነሳ። አህያ ተፈታ፣ ገመድ ተፈለገ፣ አንዱ የአንዱን ኩርታን በራሱ አህያ ላይ ጫነ። አንለይ ላሚቱን ከችካሉ አስሮ፣ አህያውን እየጎተተ በደጃፉ ሲያልፍ ልዕልት ተጣራች።

«ምኑ ነው የደረሰው?»

«ዩሪያው ነዋ! ሌላ ምን እንጠብቃለን?»

«እኔስ የምጠብቀው ነበረኝ።»

«ዛሬ ላምጣው፣ ነገ ወረታ! በሞትኩት!»

«ሂድ በል፤ ባለቤቱ ካልቀረበ አይሰጥም።»

መጋዘኑ ተቆልፏል። የየጎጡ ወንድ ሁሉ ደርሶ ለሰልፍ ይገፋፋል። «ከኔ በፊት አልነበርክም!» «አህያዬን ጠይቃት!» የሚባባሉ አሉ። አያ መባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የመጣንበትን መንገድ ያያሉ።

«ውሾቹስ ምን ሊወስዱ ነው የተከተሉን?» አሉ።

ያን ጊዜ ሰውመሆን እየሮጠ መጣ። እኛ «ቁልፉን ያዝከው?» አልነው። እሱ «ቤተሰቡስ? ከብቱስ የት አለ?» አለን።

«ከብቱ ምን ሊያደርግ?»

«ደርሷል ብዬ ደውዬ የለም እንዴ!»

«ሰምተን ነዋ የመጣነው!»

ሰውመሆን በእጁ ወደ ማሳው አሳየን። ሩዙ የነበረበት ቦታ ሰማይ ይመስል ነበር።

ውሃው ድምፅ የለውም። እንደ እንግዳ ቀስ ብሎ ገብቶ፣ ቀስ ብሎ ይቀመጣል፤ አልነሳም የሚለው በኋላ ነው። መጋዘኑን ዞሮ ሲከብበን ሰልፉ እንኳ አልፈረሰም ነበር። ዝግጅቱ እንዳዘዘው ከፍታ ቦታ ላይ ነን። የወጣነው ግን ወንዶቹና አህዮቹ ነን።

አንለይ ስልኩን መሬት ላይ ጥሎ የአህያውን ጭራ ይዞ ገባበት። ደረቱ ጋ ሲደርስ አህያው ወደ ኋላ ዞረ፣ እሱ አልዞርም አለ። በገመድ ጎትተን አወጣነው። «ልዕልት!» እያለ የሚጮኸው አንዳችንንም ያየ አይመስልም ነበር። ከዚያ ስልኩን አንስቶ ለልዕልት ይደውል ጀመር። የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት እንደማይችሉ የምትናገረዋን ሴት በደወለ ቁጥር እስከ መጨረሻው ያዳምጣታል፤ ሐሳቧን ትለውጥ እንደሆን።

ያን ቀን በጎጡ የሆነውን የሰማነው በኋላ ነው። ሌሎቹ ሴቶችና ልጆች ውሃውን ሲያዩ በየፊናቸው ወደ አስፋልቱ ሸሽተዋል።

ከልዕልት ቤት አጠገብ እትየ ወርቅዬ የሚባሉ መበለት አሉ። መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ስለሰጡ ዩሪያ በስማቸው አይመጣም። አንለይ «ደርሷል!» ብሎ ሲጮህ እሳቸውም ሰምተዋል። ለእሳቸው የማይደርሳቸውን ነገር ደረሰ ብለው የሚሮጡበት ምክንያት አልነበራቸውም። ስለዚህ ቃሉ በስብሰባው እንደተባለው ሆኖ ቀረላቸው። ላስቲክ ጫማቸውን አጥልቀው ልዕልት ዘንድ ገቡ።

«ተነሽ!»

«ወዴት እትየ?»

«ውሃው ደርሷላ!»

«አንለይ እኮ ዩሪያው ነው አለኝ።»

«አንለይ ውሃ ውስጥ ቢሰምጥም ዩሪያ ነው የሚለው! ተነሽ ብየሻለሁ!»

ጋቢያቸውን አጣምረው አንዱን ጫፍ በራሳቸው ወገብ፣ ሌላውን ከልዕልት ብብት ሥር አሰሩት። ወደ አስፋልቱ ሲያቀኑ ውሃው ቁርጭምጭሚት ነበር። መሃል ላይ ጭን ሆነ። ልዕልት ቆመች።

«እትየ፣ ያመኛል።»

«ይመምሽ። እየሄድሽ ይመምሽ።»

አስፋልቱ ላይ ሲወጡ የወረታው ነጋዴ ሙባረክ ከይፋግ ገበያ በአይሱዙ ሲመለስ አገኙት። እትየ ወርቅዬ መሃል መንገድ ላይ ቆሙበት።

«እናቴ፣ ሽንኩርት እኮ ነው የጫንኩት፤ ቦታ የለም!»

«እሷም ጭናለች! ንዳ!»

ነዳ። ልጁ አልጋ እስኪፈለግ አልጠበቀም፤ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ጋቢናው ውስጥ፣ በሽንኩርት ሽታ መካከል ተወለደ። ወንድ ነው።

ውሃው ጎደል ሲል ከመጋዘኑ ወረድን። የአንለይ ቤት ከነግድግዳው ተኝቷል። ማሳውን ደለል ሸፍኖታል። ችካሉ ግን አልተነቀነቀም፤ ላሚቱ ከነገመዷ እዚያው ነበረች፣ ሆዷ ተነፍቶ። አንለይ ገመዱን ሊፈታ ጎንበስ ብሎ ቆየ። እርጥብ ገመድ አይፈታም። ትቶት ወደ ወረታ ሄደ፤ ልዕልት በሕይወት እንዳለች የሰማው መንገድ ላይ ነው።

የጤና ጣቢያው ዘበኛ ከነጭቃው አላስገባም አለው።

«ምኗ ነህ?»

«ባለቤቷ ነኝ።»

«ባለቤቷ! እስካሁን የት ነበርክ?»

«ሰልፍ ላይ» አለ አንለይ። ዘበኛው የሚቀልድበት መስሎት ነበር፤ ፊቱን ሲያይ አሳለፈው።

እኛም ልንጠይቅ ሄድን። እትየ ወርቅዬ ከአልጋው ራስጌ በአንዲት በርጩማ ላይ ሠፍረዋል፤ አንለይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሊቀመንበሩ እንግዳውም ብስኩት ይዞ መጣ። ቃሉን ለመለወጥ ሌላ ስብሰባ እንደሚጠራ፣ እስከዚያው ግን በነበረው እንደምንቀጥል አስታወቀን። ከዚያ ሕፃኑን ገልጦ አየና ደስ አለው።

«ለዚህ ልጅ ስም መፈለግ አያስፈልግም። ደረሰ በሉት! ታሪክ ይሆናል።»

«ያምርበታል» አልን እኛም። መቼም እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው የሚለው አያጣም።

ልዕልት ቀና አላለችም። «ማን ደርሶልኝ?»

እንግዳው ብስኩቱን ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው አዛወረ። እትየ ወርቅዬ ጣሪያውን አዩ። አንለይ የጣቶቹን ጭቃ በጥፍሩ ይልጥ ጀመር።

ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ።

«ደርሷል—» አለ የሰውመሆን ድምፅ፤ ተቆረጠ።

«ሃሎ? ምኑ? ሰውመሆን፣ ምኑ ነው የደረሰው? ሃሎ!»

መልሶ ደወለ። ያቺው ሴት ናት። በመስኮቱ ወደ ጉና አየን፤ ጠቁሯል። ግን በነሐሴ ጉና መች ነጥቶ ያውቃል? ከመካከላችን ግማሹ ስለ ልጆቹ፣ ግማሹ ስለ ተራው እያሰበ ወደ በሩ ተጋፋ። እንግዳው ቀድሞን ወጥቶ ነበር።

«ሂድ እንጂ» አለች ልዕልት፣ ጡቷን ለልጁ እያስተካከለች። «ባለቤቱ ራሱ ካልቀረበ አይሰጥም።»

አንለይ ከግድግዳው ተላቀቀ። ወደ በሩ አየ፤ ወደ እሷ አየ። ከዚያ ስልኩን አጠፋና ከአልጋው እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። ልዕልት እግሯን ሰበሰበች። ቦታ ልትሰጠው ይሁን እንዳይነካት አላወቅንም።