ቁልፉ አዳማ ሄዷል

የክረምት ንባብ እንዴት እንደሚካሄድ ልንሰለጥን አዳማ የተጠራነው ክረምቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፤ ልጆቹ መንገድ ለመንገድ መዞር ሰልችቷቸዋል፤ ደብዳቤው ግን ገና መድረሱ ነው። ስሜ በትልቁ ተጽፎበታል፤ ዘርፉ፣ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ። ሌላ ሰው መተካት አይቻልም ይላል።

የምሠራባት ከተማ ከወለንጪቲ ወዲያ ናት፤ ስሟን ብጠራላችሁም አታውቋትም። ቤተ መጻሕፍት ብለን የምንጠራው አንድ ክፍልና አንድ በረንዳ ነው። ጣሪያው በአንድ ጥግ ያፈሳል፤ መደርደሪያዎቹን ከዚያ አርቄ አስቀምጫለሁ። ዘንድሮ ግን ክፍሉ ራሱ አደጋ ላይ ወደቀ። መሥሪያ ቤታችን የተሰበሩ ወንበሮችና የማይሠሩ ኮምፒውተሮች የሚከትበት ቦታ አጣና ዓይኑን እኛ ላይ ጣለ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በክረምቱ መጥቶ ያያል፤ ልጆች የሚጠቀሙበት ከሆነ ክፍሉ ባለበት ይቀጥላል፣ ካልሆነ ዕቃ ቤት ይሆናል።

አለቃዬን አቶ ሰብስቤን፣ ስልጠናው ይቅርብኝ፣ ኮሚቴው እስኪመጣ ልቆይ ብዬ ለመንኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ በዚህ ዓለም የሚፈራው ደብዳቤን ብቻ ነው። ኮሚቴው የሚመጣው ከተመለስሽ በኋላ ነው፣ ምን ያስጨንቅሻል አለኝ። እንግዲያው ቁልፉን ለአበዛሽ ልተውላት አልኩት። አበዛሽ ግቢውን የምታጸዳው ሴት ናት፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። ንብረቱን ፈርመሽ የተረከብሽው አንቺ ነሽ፣ አንድ መጽሐፍ ቢጎድል የሚጠየቀው ማን ነው አለኝ። እኛ ዘንድ መጽሐፍ የሚነበብ ነገር ከመሆኑ በፊት የተፈረመበት ንብረት ነው። ወደ ቤት የማናውሰውም ለዚሁ ነው።

የምሄድ ዕለት ኢፍቱ እስከ መዝጊያ ሰዓት አልወጣችም። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ናት፤ እናቷ ገበያ ቲማቲም ትሸጣለች። ወንዝ ዳር ቆሞ አልሻገርም ስላለ አንድ አህያ የሚያወራ መጽሐፍ ይዛ፣ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። በሩን ልቆልፍ ስል ገና ግማሹ ላይ ነበረች። ቲቸር፣ አህያው ተሻገረ ወይስ አልተሻገረም ብላ ጠየቀችኝ። ስመለስ ራስሽ ታነቢዋለሽ አልኳት። በሩን ቆለፍኩና ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ስልጠናው ጥሩ ነበር። ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም። አሰልጣኛችን ማርቲ ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ናት፤ ድምጿን እየለዋወጠች ስታነብልን ከቢሾፍቱ የመጣው ምልኬሳ፣ ያ ግዙፍ ሰውዬ፣ አፉን ከፍቶ ያዳምጥ ነበር። ልጅን በስሙ ጥሩት፣ በቁመቱ ልክ ዝቅ በሉለት፣ መጽሐፉን ራሱ ይምረጥ ትለናለች። ሁሉም እውነት ነው። ሁሉንም ጻፍኩ። ማነቃቂያ ሲባልም ተነስቼ ከሌሎቹ ጋር እንደ ጥንቸል ዘለልኩ፤ በዚህ ዕድሜዬና በዚህ ጉልበቴ። አላፈርኩም፣ ደስም አላለኝም። ሥራ ላይ ብዙ የቆየ ሰው የሚዘልበትን ምክንያት መጠየቅ ይተዋል።

በማግስቱ ሻይ ላይ ሳለን አበዛሽ ደወለች። ልጆቹ ጠዋት ጠዋት እየመጡ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ አለችኝ። ብትመክርም ብትቆጣም አይሄዱም፤ ኢፍቱማ ምሳዋን ይዛ ነው የምትመጣው። ቁልፉን በሚኒባስ ላኪልኝና እኔ ልክፈትላቸው፣ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ አለች። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በእኛ መስመር መድኃኒቱም፣ ስልኩም፣ ዶሮውም ሳይቀር በሹፌር እጅ ነው የሚደርሰው። አቶ ሰብስቤ ጋ ደወልኩ። የፈለግሽውን አድርጊ፣ ኃላፊነቱ ግን ያንቺ ነው አለኝ።

በምሳ ሰዓት ባጃጅ ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። የእኛ አገር ሚኒባስ እየሞላ ነው። ረዳቱ መልኬን ያውቀዋል፤ የሚላክ አለ እንዴ እናቴ ብሎ እጁን ዘረጋ። ቁልፉ በመዳፌ ውስጥ ነበር፤ ሞቋል፣ በላብ ርሷል። መደርደሪያዎቹን አሰብኩ፣ ፊርማዬን አሰብኩ፣ የአቶ ሰብስቤን ድምፅ አሰብኩ። የለም አልኩት። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም። ተመልሼ ፓስታ በላሁ፤ ከሰዓት በኋላ ስለ ንባብ ፍቅር በቡድን ተወያየን።

ኮሚቴው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቤተ መጻሕፍታችን ደረሰ።

አበዛሽ ስትነግረኝ ድምጿ ደክሟል። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ናቸው፤ መኪናቸውን በር ላይ አቁመው መጡ። ዝናብ ይዘንባል። ልጆቹ በረንዳው ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንደኛው ሰውዬ እነዚህ ዝናብ ሊያሳልፉ ነው የተጠጉት ብሎ አለፋቸው። በሩን ገፋ አደረገው፣ በመስኮቱ አጮለቀ፣ ጭር ያለ ክፍል አየ። አበዛሽ ልታስረዳ ብትሞክር አንቺ ጽዳት አይደለሽም እንዴ አሏት።

«ኢፍቱ እኮ ነገረቻቸው፣ ዘርፌ» አለችኝ አበዛሽ። «ተነስታ ፊታቸው ቆማ፣ ዝግ ነው፣ ቁልፉ አዳማ ሄዷል አለቻቸው። ሳቁባት።»

ተጠቃሚ የለውም ብለው ወስነዋል። እኔ ስልጠናዬን ስጨርስ ቁልፉን ለዕቃ ቤቱ ኃላፊ አስረክባለሁ። አቶ ሰብስቤ ጋ ስደውል ኮሚቴው ቀኑን ማስቀደሙን እሱም አሁን ገና መስማቱን ነገረኝና ቅሬታ ካለሽ በጽሑፍ አቅርቢ አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ማልቀስ ነበረብኝ፤ ዓይኔ ግን ደረቅ ነው። ሻዬ ላይ ስኳር ጨመርኩ፣ አማሰልኩ፣ ጠጣሁ። ክንድን ተንተርሰው ተኝተው ሲነቁ እጅ የሌላ ሰው እንደሚመስለው፣ መላ አካሌ እንደዚያ ሆነብኝ። ምልኬሳ ደህና ነሽ ወይ ሲለኝ ደህና ነኝ አልኩት። ውሸቴን አልነበረም፤ የሚያመኝ ቦታ አልነበረኝም።

ከሰዓት በኋላ የተግባር ልምምድ ነበረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት የመጣን ልጅ እንዴት እንደምንቀበል በትወና እናሳያለን። ዕጣ ወጣ። ምልኬሳ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሆነ፤ እኔ ልጅቷ ሆንኩ። ሰልጣኞቹ ከአሁኑ ሳቅ ሳቅ አላቸው።

«እትዬ ዘርፉ፣ እርስዎ ከውጭ ነው የሚመጡት» አለች ማርቲ። «ወጥተው በሩን ይዝጉትና ያንኳኩ። ከዚያ በኋላ ልጅ እንደሚሆነው ይሁኑ።»

ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም። ጎን ካለው አዳራሽ የሌላ ስልጠና ጭብጨባ ይሰማል። ውጭ ማካፋት ጀምሯል። ለማንኳኳት እጄን አነሳሁና ተውኩት። በቀጭኑ የበር መስታወት በኩል አጮልቄ አየሁ፤ ምልኬሳ ጠረጴዛ ላይ መጻሕፍት ደርድሮ፣ ወገቡን ዝቅ አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል። በእኛ በር አጮልቆ ያየ ልጅ ግን እንደዚያ ዝቅ ብሎ የሚጠብቀው ሰው አላገኘም። ደረጃው ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ቁልፉን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ምን እንደማደርግበት ግን አላውቅም ነበር፤ ዝም ብዬ ያዝኩት።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ምልኬሳ ብቅ አለ፤ ሁሉም ከኋላው አንገታቸውን አስግገዋል።

«ኮቱ፣ ነይ ልጄ፣ ግቢ እንጂ» አለኝ። «ምን ውጭ አስቀመጠሽ?»

ቃሉ ሳላስበው ወጣ።

«ዝግ ነው» አልኩት። «ቁልፉ አዳማ ሄዷል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ከዚያ ጭብጨባው ቀለጠ። ምልኬሳ እጄን ይዞ አስነሳኝና ተዋናይ መሆን ነበረብሽ አለኝ። ማርቲ በጣም ደስ ብሏታል። ከመመሪያው ውጪ ነው፣ ግን ይህን እንሥራበት፣ በሩን ተዘግቶ ያገኘው ልጅ ምን ይሰማዋል ብላ ለሁሉም ባለቀለም ወረቀት አደለች። ጻፉ። አዘነች ያለ አለ፣ ተስፋ ቆረጠች ያለ አለ፣ ብዙዎቹ ሁለተኛ አትመጣም ብለው ጻፉ። ማርቲ እያነበበች ግድግዳው ላይ ለጠፈቻቸው። የእኔ ወረቀት ባዶ እንደሆነ አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎስ፣ እትዬ ዘርፉ? ልጅቷ አሁን ምን ታደርጋለች?»

ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ወጋኝ። በዚያ ሳምንት የተሰማኝ እሱ ብቻ ነው።

«ነገም ትመጣለች» አልኳት። «አህያው ይሻገር አይሻገር ገና አላወቀችም።»

የአህያው ነገር ለማንም አልገባም፤ ማርቲም አልጠየቀችኝም። ነገም ትመጣለች የሚለውን በአረንጓዴ ጽፋ ከሁሉም በላይ ለጠፈችውና፣ ወደየቤተ መጻሕፍታችሁ ስትመለሱ ይዛችሁ የምትሄዱት ተስፋ ይህ ነው አለች። እንደገና ተጨበጨበ። ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩና እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።