ለፈተናው ቀን የተሰጠ ዕረፍት

«ሰነፎቹ ነገ ቤታቸው ይዋሉ፤ የትምህርት ቤታችንን አማካይ ውጤት ይጎትቱብናል» አሉ ርዕሰ መምህሩ። አገር አቀፍ ፈተናው የተዘጋጀው እኮ ማን ማንበብ እንዳቃተው ታውቆ እንዲታገዝ ነበር! ግን ማን ሊሰማኝ አፌን ላልፋ? የመምህራን ክፍል ጥግ ላይ ቆሜ ለልጆቹ እናቶች ደወልኩ።

«ልጅዎት ደክሟታል መሰለኝ፣ ነገ ትረፍ።»

አንዷም ለምን አላለችኝም፤ ጭራሽ መረቁኝ።

እግሬን እየጎተትኩ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ፊቱ በርቶ ተቀበለኝ። ልጃችን የምትማረው ሌላ ትምህርት ቤት ነው።

«አስተማሪዋ ደውላ ነበር» አለኝ። «እንዴት ያለች አሳቢ ናት! ‹ልጅዎት ደክሟታል መሰለኝ፣ ነገ ትረፍ› አለችኝ። እኔም መርቄ ዘጋሁት።»