ከአሰብ የመጣው ሆራ

ጉቱ ስለ ሆራ ሲናገር ሮቤ ውስጥ የሚከራከረው ሰው አልነበረም። ሆራ ጨው ያለበት የምንጭ ውሃ ነው፤ ከብት በዓመት አንዴ እንኳ ካልጠጣው ይከሳል፣ ወተቱም ይነጥፋል። ጉቱ አንድ ጉንጭ ቀምሶ «ይሄ ለጊደር ነው፣ ይሄ ለበሬ ነው» ብሎ ሲፈርድ የሰማ ሁሉ አሜን ይላል። ችግሩ፣ ሰውየው ከሆራ ውጭ ባለው ነገርም እንደዚያው እርግጠኛ ነበር።

ደርግ ገበሬውን በመንደር ከሰበሰበ ወዲህ ከብት እንደ ልብ ነድቶ ሆራ መውረድ ቀረ። የጉቱ ላም ቡሬም ሆራ ሳትቀምስ ወለደች። በዚያው ሰሞን ሴት ልጁ ዙህራ ከአሰብ መልእክት ላከች። ባሏ ዘይነዲን ወደብ ላይ ይሠራል፤ «ሁለታችሁም ኑ፣ ባሕር እናሳያችሁ፣ የምናውቀው የጭነት መኪና ያመጣችኋል» ነበር መልእክቱ።

የጉቱ ሚስት ጁሀራ ይህን ስትሰማ እንደ ልጅ አጨበጨበች። ከጎባ ገበያ አልፋ አታውቅም። ግን ቡሬን ማን ያልባታል? የጁሀራ እጅ ካልሆነ ትራገጣለች። ጉቱ ደግሞ ወንድ ነው፤ በዚያ አገር ወንድ ላም ሥር ቁጢጥ ካለ የመንደር መሳቂያ ይሆናል።

«እንግዲህ አንቺ ቅሪያ» አለ ጉቱ፣ ትንሽ ቸኩሎ።

ጁሀራ ያጨበጨበችበትን እጇን አወረደች። «እሺ አባ ዙህራ። እንግዲያው የኔንም ዓይን ይዘህ ሂድ። ስትመለስ ባሕሩን ቁጭ ብለህ ትነግረኛለህ።»

«ምን ገዶኝ! ጠብታ ሳላስቀር!»

አሰብ በደረሰ በመጀመሪያው እሁድ ዙህራ ምሳ ቋጥራ፣ ልጆቿን አስከትላ ባሕር ዳር ወሰደችው። የፈረሰ አሮጌ ግንብ ጥላ ሥር ምንጣፍ አነጠፉ።

«አባባ፣ ይሄ የጥንት ነጋዴዎች ቤት ነበር ይባላል» አለ ዘይነዲን።

ጉቱ ግድግዳውን በዱላው ቆርቆር አደረገ። «ጣሪያ ቢያለብሱት ጥሩ በረት ይወጣዋል።»

ልጆቹ እየጎተቱ ውሃው ዳር አደረሱት። ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ጨለፈና ቀመሰ። ዓይኑ ፈጠጠ።

«ያ ረቢ! ሆራ! ይሄ ሁሉ ሆራ፣ አንዲት ላም እንኳ የለችበትም!»

«አባባ፣ የባሕር ጨው ነው እኮ። ለከብት አይሆንም» አለ ዘይነዲን።

«አንተ መርከብ ታውቃለህ፣ እኔ ሆራ አውቃለሁ።»

አለቀ። ዙህራ «መርከቡን ይዩት» ብትለው፣ ልጆቹ ዛጎል ቢያሸክሙት፣ ወይ ፍንክች! የሚቆጨው ቡሬ አለመምጣቷ ብቻ ነበር። ምሳው ሳያልቅ ለባሕሩ ጀርባውን ሰጥቶ ጀሪካን ፍለጋ ተነሣ።

ሲመለስ ኬላ ላይ ጠባቂው የተደበቀ አረቄ ያገኘ መስሎት ጀሪካኑን ከፍቶ ተጎነጨ። ፊቱ ተጨማደደ። «ምንድን ነው ይሄ፣ ሽማግሌ?» አለ እየተፋ። «የላም መድኃኒት ነው፣ ልጄ። አንተን ምን አስቀመሰህ?» አለው ጉቱ፣ ጀሪካኑን እየከደነ።

መኪናው ሮቤ በር ላይ ሲያወርደው መንደሩ «ባጋ ነጋን ገልተ! እንኳን በደኅና ገባህ!» እያለ ወጣ። ጉቱ ገና ሳይቀመጥ የባሌን ከብት ሁሉ የሚያጠጣ ሆራ ማግኘቱን አወጀ።

«አሰብ ድረስ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለ ጎረቤቱ ለሜሳ።

ጉቱ ንቆ አለፈው። ጀሪካኑን ገንዳ ውስጥ ገለበጠና ቡሬን አቀረባት። ቡሬ አሸተተች፣ በአፍንጫዋ ፉር አለች፣ ፊቷን አዞረች። የተሰበሰበው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ጁሀራ ግን አልሳቀችም። «አባ ዙህራ፣ ባሕሩስ?» አለችው።

«ይኸው፣ ገንዳው ውስጥ!»

«ይሄማ ሆራህ ነው። እኔ የጠየቅሁህ ባሕሩን ነው። ምን ይመስላል? ድምፅ አለው? ማዶው ይታያል?»

ጉቱ ገንዳውን አየ። ጣዕሙን ያውቃል፣ ሌላውን ግን አላየም።

«እዚያ ሆነህ ቡሬን አስታወስሃት» አለች ጁሀራ። «እኔንስ?»

ቁጣ የለባትም፣ የባሰውም ይኸው ነበር። የላስቲክ ጫማዋን አወለቀች፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና እግሯን ውሃው ውስጥ ነከረች። «እንግዲህ እኔም ባሕር ገባሁ» አለች።

ጉቱ የተሰነጣጠቀ ተረከዟን አየ። ያ እግር ለቡሬ፣ ለቡሬ እናት፣ ለእናቷም እናት ሲመላለስ ኖሯል። ሆራ ሳይወርድ የከረመ ከብት ባየ ቁጥር የሚያዝነውን ያህል አሁን ለሚስቱ አዘነ። በጣም አፈረ።

«አንተ!» አለ ከሰዉ ጋር ቆሞ ወደሚያየው የጭነት መኪናው ሹፌር ዞሮ። «መቼ ነው ወደ አሰብ የምትመለሰው?»

«ሐሙስ ነው፣ አባባ።»

«ሃዳ ዙህራን፣ ሚስቴን፣ ታሳፍርልኛለህ።»

«ቡሬንስ ማን ሊያልባት ነው?» አለ ለሜሳ።

ጉቱ የወተት ማለቢያውን ግሬራ ከተሰቀለበት አወረደና፣ መንደሩ እያየ፣ ቡሬ ሥር ቁጢጥ አለ። ቡሬ በመጀመሪያው እርግጫ ግሬራውን አስጣለችው። ለሜሳ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጉቱ ግሬራውን አነሣ፣ አራገፈ፣ ተመልሶ ቁጢጥ አለ።

«በቀስታ» አለች ጁሀራ፣ እግሯን ከገንዳው ሳታወጣ። «ጡት ነው እንጂ ገመድ አይደለም። ከላይ ወደ ታች።»

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ከብት የነገሩትን ሰምቶ ታዘዘ። ወተቱ ቀጠን ብሎ ግሬራው ውስጥ ወረደ።

ጁሀራ ድምፁን አዳመጠችና ውሃውን በእግሯ መታ መታ አደረገችው።

«አይዞህ» አለችው። «ስመለስ ባሕሩን ቁጭ ብዬ እነግርሃለሁ።»