የመንሱር ቂብላ

መንሱር የላስቲኩን ጥቅል ተሸክሞ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠ ወጣ። የቤቱ ሠራተኛ ሲቲ ከላይ ሆና ሳሎኑ ውስጥ ውሃ እየገባ ነው እያለች ትጣራለች። የጣሪያው በር ዝጎ እምቢ አለው፤ በትከሻው ገፍቶ ሲከፍተው ዝናቡ ፊቱን መታው። የአረብ አገር ክረምት እንዲህ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ጠብታ ሳያሳይ ይከርምና በታህሳስ አንድ ቀን ያጠራቀመውን ሁሉ ባንዴ ይደፋዋል። መንሱር በአሮጌው ጣሪያ ስንጥቅ ላይ ላስቲኩን ዘረጋ፣ ዳር ዳሩን ብሎኬት ጫነበት፣ የተረፈውን ውሃ በእጁ እየጠረገ ወደ ቦዩ ሰደደው።

ዝናቡ እንዳመጣጡ ባንዴ አቆመ፤ ደመናውም ተገለጠ። መንሱር ወገቡን ይዞ ቀና ሲል፣ ከሆቴሎቹ በላይ፣ ካዕባ ካለበት ከታላቁ መስጊድ ከሐረሙ አጠገብ ያለው ትልቁ የሰዓት ማማ ተገትሮ አየው።

መጀመሪያ ደስ አለው። እዚሁ መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር፣ ከሐረሙ በእግር ሩብ ሰዓት በማይሞላ ቦታ ሁለት ሳምንት ሲሠራ ማማውን አይቶት አያውቅም ነበር። ደስታው ግን አልቆየም። ማማው ያለው እሱ ፊቱን አዙሮ ሲሰግድበት በሰነበተው በኩል አይደለም፤ በስተግራ ነው። ቁልቁል ወደ ግቢው አየ። አዲሱ ሽንት ቤት ገና ጣሪያ ስላልለበሰ ውስጡ ይታያል። ትናንት በሲሚንቶ ያቆመው መቀመጫ ቀጥ ብሎ ወደ ማማው ዞሯል፤ በውሃ ልክና በክር ተለክቶ የተሠራ ነውና አንዲት ጣት እንኳ አልተዛነፈም።

«ያ ረቢ» አለና እርጥቡ ብሎኬት ላይ ቁጭ አለ።

ይህ ጅዳ የኖረ ሰው ካልሆነ በቀር ሌላ የማይሳሳተው ስህተት ነው። ጅዳ ከመካ በስተምዕራብ ናት፤ እዚያ የሚሰግድ ሰው ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ ያዞራል። መንሱር የአገሩ ሰው በሚበዛበት የጅዳ ሰፈር በካራንቲና ሰባት ዓመት ሲኖር፣ ቂብላ፣ የስግደት አቅጣጫ፣ ማለት ፀሐይ መውጫ ነው የሚለው ነገር አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። መካ ውስጥ ግን ቂብላ እንደየሰፈሩ ነው። ሚስፈላ ከሐረሙ በስተደቡብ ስለሆነ እዚህ የሚሰገደው ወደ ሰሜን ነው። ይህን የመካ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። መንሱርና ጓደኛው ሙራድ ግን የመጡት ሊነጋጋ ሲል በሱብሂ ሶላት ሰዓት፣ በተዘጋ የዕቃ መኪና፣ ሲሚንቶ ከረጢት መሀል ተሸጉጠው ነው። የሁለቱም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ካለቀ ቆይቷል። ግቢው ውስጥ ከገቡ ወዲህ ፍተሻ ፈርተው ከደጅ ወጥተው አያውቁም። አጥሩ ረጅም ነው፤ አዛኑ ደግሞ ከአራቱም ማዕዘን ይመጣል።

ሥራውን ያገኘችላቸው ሲቲ ናት። ሲቲ የወረባቦ ሴት ስትሆን፣ እዚህ ቤት መሥራት ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። የቤቱ ባለቤት ማዳም ዩስራ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው፤ ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣ ስላለ፣ ረመዳን ሳይገባ አሮጌው ቤት ታድሶ ምድር ላይ አንድ መኝታ ክፍልና ሽንት ቤት እንዲጨመርላቸው ፈለጉ። ሲቲ ናት «የአገሬ ልጅ አለ፤ አባቱ ትልቅ ሼህ ነበሩ፤ አያሳፍረኝም» ብላ መንሱርን ያስመጣችው። ማዳም አቧራውን ሸሽተው ጅዳ ወዳለው ልጃቸው ቤት ከመሄዳቸው በፊት አንዲት አደራ ብቻ ነገሩት፤ ሽንት ቤቱ ፊቱንም ጀርባውንም ለቂብላ እንዳይሰጥ። መንሱር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ይህ ለሼህ ልጅ የሚነገር ነገር አይደለም አላቸው። እሳቸውስ ሚስፈላ ላይ ቆሞ ቂብላ የሚጠፋው ሰው ይኖራል ብለው በምን ልባቸው ይጠርጥሩ?

በዚያው ዕለት ሙራድ ስልኩን አውጥቶ የቂብላውን አቅጣጫ ሊያይ ሲል መንሱር ስቆበታል። «የሼህ ልጅ አጠገብህ ቆሞ ቂብላ ከስልክ ትጠይቃለህ?» ነበር ያለው። ሙራድ አፍሮ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ በኋላ መንሱር ባሳየው በኩል አምስቱንም ሶላት ከኋላው እየቆመ ሰገደ፤ ቧንቧውንም መንሱር አስምሮ በሰጠው መስመር ዘረጋ። እንግዲህ መንሱር መቀመጫው ወደ ምሥራቅም ወደ ምዕራብም እንዳያይ ተጠንቅቆ፣ በዚያው ጥንቃቄው ካዕባ ላይ አዞረው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ከጣሪያው ሲወርድ ሙራድ የሽንት ቤቱን ሴራሚክ በጨርቅ እየወለወለ ነበር። ፊቱን አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀው። መንሱር በርዶኛል አለ። ሊነግረው አፉን ከፈተ፤ ግን ከየት ይጀምር? «ሁለት ሳምንት ሙሉ ያሰገድኩህ ወደማይሆን ቦታ ነው» ብሎ ለሰው እንዴት ይነገራል? ቆይ፣ ትንሽ ልረጋጋ አለ በልቡ።

መረጋጊያ ጊዜ ግን አላገኘም። ሲቲ ውሃው መቆሙን አይታ፣ መሐረቧን እያሰረች ወርዳ መጣች። ለአቧራው የተጋረደውን ላስቲክ አልፋ ወደ ሠራተኞቹ በኩል ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው፤ ምግባቸውን እንኳ በኩሽናው መስኮት ነበር የምታቀብላቸው። አዲሱን ክፍል አይታ ማሻ አላህ አለች። ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰች። ሽንት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። መቀመጫውን አየች፣ ዞር ብላ ቂብላውን የምትለይበትን የአሮጌውን ቤት ጥግ አየች፣ ደግማ መቀመጫውን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ይኼን እንዲህ አድርጎ ያቆመው ማነው?»

አልጮኸችም፤ ቢሆንም መንሱር የዚያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር። ሳያስብ አፉ ቀደመው።

«ሙራድ ነው» አለ። «ቧንቧውን የዘረጋው እሱ ነው። እኔ ግድግዳው ላይ ነበርኩ።»

ሙራድ ቀና ብሎ አየው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየው። ከዚያ በእጁ የያዘውን ጨርቅ አጠፈና አቀረቀረ።

«አፉ በይኝ እትዬ ሲቲ» አለ። «አላስተዋልኩም።»

ሲቲ የተናገረችውን ሁሉ መድገም አያስፈልግም። የተቆጣ ሰው የሚለውን ሁሉ አለች፤ የምትቆጣውም ማልቀስ እያማራት ነበር። ማዳም ነገ ከቀትር በኋላ ይመጣሉ፤ መጥተው ይህን ሲያዩ እሷ በምን ዓይኗ ታያቸዋለች? ከሰዓቱ የአስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ ፍርስራሹን የሚወስደው መኪና ሲመጣ ሙራድ አብሮ ወደ ጅዳ እንዲመለስ ቆረጠች። ለማዳም ጥፋተኛው ተባረረ ትላለች። ካራንቲናም ይስማ፤ እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ ማንም ሥራ እንዳይሰጠው። ወደ መንሱር ዞረች።

«አንተ አፍርሰህ ታስተካክለዋለህ» አለችው። «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?»

እንደዚያች ቃል የመረረው ነገር የለም።

ሙራድ ዕቃውን ለመሰብሰብ ወደሚያድሩበት መጋዘን ገባ፤ መንሱርም ተከተለው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሙራድ «አፉ በይኝ» ሲል መንሱርን መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነው። አሁን የሚያንገበግበው ከዋሸው ውሸት ይልቅ ያቺ እፎይታ ናት። በሩ ላይ ቆሞ ሙራድ የቧንቧ መቁረጫውን በጨርቅ ሲጠቀልል ያይ ጀመር።

«ለምን ዝም አልክ?» አለው።

«ምን ልበል?»

«እውነቱን።»

«እውነቱንማ አንተም ታውቀዋለህ።» በሙራድ ድምፅ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «የኔ አባት እንጨት ሻጭ ነበሩ፤ ከሐርቡ ገበያ ወዲያ የሚያውቃቸው የለም። የአንተ አባት ግን ስማቸው ሲጠራ ሰው ከመቀመጫው ይነሳል። እኔ ብሄድ አንድ ቧንቧ ሠሪ ሄደ ነው የሚባለው። አንተ ብትሄድ የሚወርደው የሼሁ ስም ነው።»

«ካራንቲና ምን እንደሚሉህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ካዕባ ላይ ሽንት ቤት ያዞረው ሰውዬ ይሉኛል።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ይረሱታል።»

አይረሱትም። ሁለቱም ያውቁታል። ካራንቲና አንድ ሰው አንዴ ስም ከወጣለት፣ ስሙ አገሩ ድረስ ቀድሞት ይገባል፤ ሚስት ሲያጭ ይነሳበታል፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ይነሳበታል።

ሙራድ ቦርሳውን ከፈተ። ከሁሉም በላይ ነጭ የኢህራም ልብስ ተቀምጧል፤ ሥራው ሲያልቅ በመጨረሻው ቀን የሆነው ይሁን ብሎ ወጥቶ ዑምራ፣ ትንሹን ሐጅ፣ ሊያደርግበት ከጅዳ ገዝቶ ያመጣው ነው። ስድስት ዓመት የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ኖሮ ካዕባን አላየም። ጨርቁን አነሳ፣ መቁረጫውን ከታች አስገባ፣ ኢህራሙን መልሶ ከላይ አድርጎ ዚፑን ዘጋ።

«አላህ ካለ ሌላ ጊዜ» አለ።

መንሱር ልጅ ሳለ አባቱ መስጊድ ውስጥ ሰዎች ሲጣሉ እየሰሙ የሚሉት ብዙ ነገር ነበራቸው፤ አሁን አንዱም ትዝ አላለውም። ትዝ ያለው እናቱ ባለፈው ሳምንት በስልክ «አባትህ በሕይወት ቢኖር መካ ላይ ቤት ትሠራለህ ሲሉት በደስታ ያለቅስ ነበር» ያለችው ነው። አፈረ። ግንባሩን የመጋዘኑ መቃን ላይ አስደግፎ ቆየ። ለሰው የሚነገር ሐፍረት አይደለም፤ ቆዳውን አውልቆ ቢጥል በወደደ ነበር።

የአስር አዛን ተሰማ። ሲቲ ሁለት ስጋጃ ታቅፋ ወጣች። ቁጣዋ በርዶላት ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል። መኪናው መንገድ ላይ መሆኑን፣ ሙራድ ግን ሳይሰግድ እንደማይሄድ ነገረቻቸው፤ ተሳሳተ እንጂ ያው ወንድማችን ነው አለች። ወለሉ ላይ የተኛውን ውሃ በመጥረጊያ ገፋ ገፋ አደረገችና ስጋጃዎቹን አነጠፈች፤ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ለራሷ ከኋላ። ወደ ሰሜን ነው ያነጠፈችው። ሙራድ ስጋጃው የዞረበትን አይቶ ወደ መንሱር ሊያይ ሲል ፊቱን መለሰ።

«በል መንሱር፣ አሰግደን» አለች ሲቲ።

መንሱር ጫማውን አውልቆ ወደፊት ወጣ። ሙራድ እንደ ልማዱ በቀኙ፣ ትንሽ ወደኋላ ብሎ ቆመ። መንሱር እጆቹን ወደ ጆሮው አነሳ። «አላሁ አክበር» ማለት ብቻ ነው የቀረው፤ በሕይወቱ ስንት ሺህ ጊዜ ብሎታል። ቃሉ አልወጣም። እጆቹ አየር ላይ እንዳሉ ቆዩ። ከኋላው ሲቲ ጉሮሮዋን ጠረገች።

እጆቹን አወረደና ዞረ።

«እኔ ነኝ» አለ። «እትዬ ሲቲ፣ ቂብላውን ያሳየሁት እኔ ነኝ። መቀመጫውንም በእጄ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ሙራድ በስልክ እንየው ቢለኝ ሳቅኩበት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወደ ምሥራቅ አሰገድኩት። አንቺ ስትጠይቂኝ ደግሞ ዋሸሁሽ።»

ከጣሪያው ላስቲክ ላይ የተጠራቀመው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ውጭ መኪናው ደርሶ አንድ ጊዜ ክላክስ አደረገ፤ የመለሰለት የለም።

«ለማዳም የሼህ ልጅ ነው ብያቸው ነበር» አለች ሲቲ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ነገ ሲመጡ አሁን ያልከውን ራስህ ትነግራቸዋለህ። አንዲት ቃል ሳትቀንስ።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ካባረሩህ አልለምንልህም።»

«አትለምኚልኝ።»

ሲቲ ወደ ሙራድ ዞረች። «ቦርሳህን አትጫን» ብቻ አለችው። መንሱር ከፊት ወርዶ በሙራድ በስተቀኝ ቆመ፤ በእጁም ጀርባውን ቀስ አድርጎ ወደፊት ገፋው።

«አሰግደን» አለው።

«እኔ?» አለ ሙራድ። «መንሱር፣ እኔ እኮ ከአጫጭሮቹ ሱራዎች በቀር አላውቅም።»

«ይበቃናል።»

ሙራድ ሲቲን አየ። ሲቲ በራሷ ምልክት ሰጠችው። ሱሪው ላይ እጁን ጠረገ፣ ግማሽ እርምጃ ወደፊት ሄደ፣ ቀሚስ እንደለበሰ ሰው ሸሚዙን ጎተት ጎተት አደረገ። ከዚያ «አላሁ አክበር» አለ። መንሱር እጆቹን አንስቶ ተከተለው፤ ለሩኩዕ ሲያጎነብስም ሲሚንቶ የደረቀበትን የሙራድን ተረከዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ሆኖ አየው።