ባዶ ዕቃ አይመለስም

የእኛ ሰፈር ሱፐርማርኬት ብቻውን ለሚኖር ሰው የሚሸጠው ነገር የለም። ቤከኑ፣ በስሱ የተቆረጠው የአሳማ ሥጋ፣ አራት አራት እሽግ ሆኖ በላስቲክ ተጠፍሮ ነው የሚመጣው። "አንዷን ብቻ ፍቺልኝ" ብዬ ብለምናት ሻጯ ልጅ ትሰግድልኛለች እንጂ አትፈታም። አስፓራገሱም፣ ያ እንደ በትር ቀጥ ብሎ የሚበቅለው አረንጓዴ አትክልት፣ ያው ነው። በግንቦት ማክሰኞ ማክሰኞ በጭነት መኪና ይዞት የሚመጣው ገበሬ አንድ ሙሉ እስር ያስታቅፈኛል፤ ግማሽ እስር የሚባል ነገር አያውቅም። ባሌ ታዳኦ ከሞተ ወዲህ የምኖረው በትርፍ ምግብ ነው። ትናንት የተረፈኝን ዛሬ እበላለሁ፣ ከዛሬው የሚተርፈውን ለነገ አስቀምጣለሁ።

አስፓራገስ በቤከን መጠቅለሉን ትቼ ሌላ ነገር ብሠራስ? እጄ እምቢ ይላል። ታዳኦ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ከምሳ ዕቃው ጥግ፣ ከሩዙ አጠገብ፣ ይህቺ ጥቅል ከጠፋች ፊቱን አጥቁሮ ነው ማታ የሚገባው። እናም ዕድሜ ልኬን ስጠቀልል ኖርኩ። የአስፓራገሱን የታችኛውን ልጣጭ በስሱ አነሳለታለሁ፤ ካልተነሳ እንደ ገመድ ነው የሚታኘከው። ለሦስት እቆርጥና ጨው ባለው የፈላ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጌ አወጣዋለሁ። ከዚያ ሦስት ሦስቱን አንድ ላይ ይዤ በግማሽ ቤከን ጥብቅ አድርጌ እጠቀልላለሁ። መጥበሻው ላይ ሲቀመጥ የቤከኑ ጫፍ ከታች መሆን አለበት። እሳቱ ጫፉን ቀድሞ ከያዘው ራሱ ይጣበቃል፣ ስቴኪኒ መሰካት አያስፈልግም። ዘይት ጠብ አላደርግም፣ የራሱ ስብ ይበቃዋል። ቁንዶ በርበሬ፣ መጨረሻ ላይ ጠብታ የአኩሪ አተር ስጎ፣ በቃ።

አቶ ኢሶጋይ ፊት ለፊቴ ነበር የሚኖሩት። በእኛ ሕንፃ በየፎቁ ያለው ሁለት በር ብቻ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የእኔና የእሳቸው በር ተፋጠው ቆመዋል። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፣ ሚስታቸው የሞተችው ከታዳኦ በፊት ነው። ከደረጃው ጀርባ የወጥ ቤታችን ግድግዳ አንድ ስለሆነና ስስ ስለሆነ የቤዝቦል ሬዲዮአቸውን እኔም ሳልወድ አዳምጣለሁ። ቡድናቸው ሲሸነፍ ጉሮሮአቸውን ይጠርጋሉ። ዘወትር ይጠርጉ ነበር።

አምና አንድ ማክሰኞ ትርፍ ምግብ መብላት ከመጠን በላይ አስጠላኝና የተረፉኝን አምስት ጥቅሎች ክዳኗ አረንጓዴ በሆነችው የፕላስቲክ ዕቃዬ አድርጌ በራቸውን አንኳኳሁ። ታዳኦ ሲሞት ጓዳዬን አራግፌ፣ ለአንድ ሰው አንድ ዕቃ ይበቃዋል ብዬ ያቺን ብቻ ነበር ያስቀረሁት።

"የተረፈኝ ነው። አይጣፍጥም፣ ግን..." አልኳቸው እንደ ደንቡ።

"ኧረ ምነው እንዲህ መቸገርዎ! እኔ ምን ሆኜ!" አሉ እሳቸውም እንደ ደንቡ፣ በሁለት እጃቸው እየተቀበሉ።

ዓርብ ዕለት ዕቃዬ ታጥባ፣ ደርቃ፣ ከወንዝ ዳር የለቀሙት የበረሃ ነጭ ሽንኩርት ተሞልቶባት መጣች። ባዶ ዕቃ አይመለስም። ይህን ማንም አላስተማረንም፣ ግን ሁላችንም እናውቃለን። የእሳቸውን ሽንኩርት በልቼ ስጨርስ ደግሞ ዕቃዬን ባዶዋን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ግንቦትን በአስፓራገስ፣ በጋውን በበቆሎ፣ በረዶውን በዱባና በድንች ተሻገርነው። በሳምንት አንዴ በሬ ይንኳኳል። በሳምንት አንዴ ፀጉሬን አበጥራለሁ። ከሰው መሀል ለሚውል ሰው ይህ ምንም ላይመስለው ይችላል፤ እኔ ግን የገዛ ድምፄን የምሰማው ያን ቀን ብቻ ነበር።

ምድር ቤት ያሉት ወይዘሮ ሴኪኔ ደግሞ ዓይናቸው የማይገባበት የለም።

"ወይዘሮ ቶባሪ! ዛሬ ደግሞ ሊፕስቲክ? ለድንቹ ነው ወይስ ለአቶ ኢሶጋይ?"

"ለእርስዎ ዓይን ነው። ሥራ እንዳይፈታ ብዬ።"

"እኔ ምን አልኩ! ድንቹ እንዲያምርበት ነው እንጂ!" እያሉ እየሳቁ ይገባሉ።

ዘንድሮ ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። በረዶው ቀልጦ የመጀመሪያውን አስፓራገስ ስወስድላቸው፣ እንደ አምናው የወንዝ ዳር ቅጠል ስጠብቅ፣ ዕቃዬ አንድ ጣሳ ዓሣ ይዛ መጣች። ይሁን አልኩ። የሚቀጥለው ሳምንት የተከፈተ የሻይ ቅጠል፣ ያውም ግማሹ ያለቀ። ከዚያ ቀጥሎ ሦስት ከረሜላ።

ሦስት ከረሜላ! ዕቃዬ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተንከባለሉ ሲንኳኩ ከዚያ ማዶ በር እስከዚህ ማዶ በር ሰማሁዋቸው። ሰውዬውን ሰልችቻቸዋለሁ አልኩ። እዚህ አገር "በቃኝ" ብሎ የሚናገር የለም፣ በሚመልሰው ነገር ነው የሚያስታውቀው። ለወይዘሮ ሴኪኔ መንገር አልነበረብኝም፣ ግን ነገርኳቸው።

"ከረሜላ? አይ እንግዲህ፣ ፍቅር ቀዘቀዘ በሉኛ!" አሉ።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። በሦስት ከረሜላ የሚለቀስ ሆኖ አይደለም። የሚንኳኳ በር ሊያጡ ሲሉ ግን እንዲህ ነው፣ ያስለቅሳል።

ቢሆንም በማግስቱ ማክሰኞ ነበርና መቼም የመጨረሻዬ ይሁን ብዬ ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው። በሩን በትንሹ ገርበብ አድርገው አንድ እጃቸውን ብቻ አወጡ። ቀድሞ እስከ ደረጃው ወጥተው ነበር የሚያመሰግኑኝ። አሁን ሌላው እጃቸው የበሩን መቃን ጨብጧል። ይኸንንም ኩራት ነው ብዬ ያዝኩባቸው።

ዓርብ ዕቃዬ አልመጣችም። ቅዳሜም እሑድም አልመጣችም።

ሄጄ መጠየቅ አይቻልም። ዕቃዬን መልሱልኝ ማለት ያበላሁዎትን ይትፉ ከማለት የሚለየው በጥቂት ነው። ሰው ሲሰጥ ረስቶ ነው መስጠት ያለበት። እኔ ደግሞ ምንም አልረሳሁም፤ በእሳቸው በር ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ሳላይ፣ ኮቴዬን ቋ ቋ እያደረግኩ ነበር የማልፈው። ይስሙ ብዬ።

ማክሰኞ የገበሬው መኪና መጣ።

"እማማ፣ የዘንድሮው መጨረሻ ነው። ከእንግዲህ ተክሉ ይረፍ፣ ለከርሞ እንዲበረታ። ሁለት እስር ላድርግልዎት?" አለኝ።

"ለማን ብለህ ነው ሁለት?" ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ሁለቱንም ታቅፌ ወጣሁ። ላጥኩ፣ ነከርኩ፣ ጠቀለልኩ፣ ጫፉን ከታች አድርጌ ደረደርኩ። ቤከኑ ሲንጣጣና ቤቱን ሽታው ሲሞላው ደስ ብሎኝ ነበር ማለት እችላለሁ። ከዚያ አሥሩም ጥቅል በስሎ ክዳን ያለው ዕቃ ፍለጋ ቁም ሳጥኑን ስከፍት፣ ለካ ዕቃዬ ያለችው ከግድግዳው ማዶ ነው። መጥበሻውን ይዤ ወጥ ቤቴ መሀል ቆምኩ። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

እዚያ ቆሜ ነው ዝምታው የተሰማኝ። ቤከን ስጠብስ አቶ ኢሶጋይ ሬዲዮውን ቀነስ ያደርጉ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄአቸው አላውቅም። ዛሬ የሚቀነስ ሬዲዮ አልነበረም። ትናንትም እንዳልነበረ ያኔ ትዝ አለኝ።

መጀመሪያ እንደ ጨዋ አንኳኳሁ። "አቶ ኢሶጋይ፣ ቶባሪ ነኝ። ስለማስቸግርዎ ይቅርታ።" ዝም። ደገምኩ። ዝም። ከዚያ የያዘኝ ፍርሃት ይሁን ንዴት እንጃ፣ በሩን በቡጢ ደበደብኩት።

"አንተ ሰውዬ! ዕቃዬን መልስ! ትሰማኛለህ? ዕቃዬን አምጣ!"

ሕንፃው በሙሉ አስተጋባ። ወይዘሮ ሴኪኔ እያለከለኩ ደረጃውን ወጡ።

"ኧረ ወይዘሮ ቶባሪ! ምን ነካዎት! በአንዲት ፕላስቲክ እንዲህ ይሆናል? ጎረቤት ምን ይላል?"

"ጎረቤቱ እርስዎ ነዎት። በኋላ የፈለጉትን ይላሉ፣ አሁን ዝም ይበሉልኝ ልስማበት።"

ዝም አሉ። ያኔ ከውስጥ ሰማሁ፦ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ፕላስቲክ ወለል ላይ ሲመታ። ያቺን ዕቃ ተኝቼም በድምፅዋ አውቃታለሁ፣ የእኔ ናት። ተንበርክኬ የበሩን የፖስታ መክተቻ ከፈትኩና አፌን አስጠጋሁ።

"አቶ ኢሶጋይ?"

"ወይዘሮ ቶባሪ..." ድምፃቸው ከወለሉ ላይ ነበር የሚመጣው። "ይቅር ይበሉኝ። አጥቤአታለሁ። የምጨምርባት ነገር አጥቼ ነው።"

ወይዘሮ ሴኪኔ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው አምቡላንስ ሊጠሩ ወረዱ። ሲሮጡ ያየሁዋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

"ወድቀው ነው?" አልኩ።

"ትናንት ጠዋት። ከላይኛው ቁም ሳጥን አንዲት ጣሳ ሳልሞን ዓሣ ቀርታ ነበር። እሷን ላወርድ ወንበር ላይ ወጣሁ። እግሬ ከክረምቱ ወዲህ ደረጃ አላስወርድ ብሎኛል፤ ሱቅ ከሄድኩ ቆየሁ። ከረሜላውም... አፍሬያለሁ።"

"ትናንት እኮ በዚህ በር አልፌአለሁ! ቆሻሻ ጥዬ ተመልሻለሁ!"

"ሰምቻለሁ። ኮቴዎን አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተጣሩም?"

"ዕቃዎን ሳልመልስ በምን አፌ ልጣራ?"

የፖስታ መክተቻውን በጣቴ እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ባዶዋን መመለስ አፍረው፣ እኔ መልሱልኝ ማለት አፍሬ፣ በዚህች በር ግራና ቀኝ በይሉኝታ ልናልቅ ነበር።

"አስፓራገስ ጠብሰዋል መሰለኝ" አሉ ቆይተው።

"ጠብሻለሁ። ማስቀመጫ አጥቼለታለሁ።"

ሳቁ። ሲስቁ ጎናቸውን አመማቸውና አቃሰቱ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቁ። የሕንፃው ኃላፊ ቁልፉን ይዞ እስኪደርስ እንደዚያ ሆነን ቆየን።

በቃሬዛ ሲያወጧቸው ከስተው ሕፃን አክለዋል። አረንጓዴዋ ዕቃ ደረታቸው ላይ ነበረች። ደረጃው አፋፍ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አንስተው ሰጡኝ።

"ባዶዋን ነው። በጣም አዝናለሁ። ይውሰዷት።"

እጄን ዘርግቼ ነበር። ከዚያ ታየኝ፦ ዕቃዬን ከተቀበልኩ በኋላ ይህ ሰው ወደዚህ ፎቅ የሚመለስበት ምን ምክንያት ይኖረዋል? እጄን ሰበሰብኩ።

"ባዶ አልቀበልም" አልኩ።

"ወይዘሮ ቶባሪ!" ወይዘሮ ሴኪኔ ክንዴን ቆነጠጡኝ። "ሰውዬው ታመው!"

"ይታመሙ። ሲድኑ የሆነ ነገር ጨምረውባት በገዛ እጃቸው ያምጡልኝ።"

አቶ ኢሶጋይ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ዕቃዋን መልሰው ደረታቸው ላይ አስጠጓት፣ በሁለት እጃቸው። "አመጣለሁ" አሉ። ያን ዕለት አሥሩንም ጥቅል ቆሜ ከመጥበሻው ላይ በላሁ።

በበጋው መጨረሻ ልጃቸው ባሕር ማዶ ካለችው ቺባ ከተማ መጣ። አባቱን እዚያው አጠገቡ አስገብቷቸዋል፣ ደረጃ የሌለበት ቤት። ቤቱን አስለቅቆ ሲጨርስ በሬን አንኳኳና አንድ ካርቶን ብስኩት ሰጥቶኝ ብዙ ጊዜ ሰገደ። ጨዋ ልጅ ነው። ሊሄድ ሲል ዞር አለ።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አባቴ ክዳኗ አረንጓዴ የሆነች ዕቃ አላቸው፣ አትንኩብኝ ብለው ከአልጋቸው አጠገብ አስቀምጠዋታል። የጎረቤት ናት ይላሉ። የእርስዎ ትሆን? ከሆነች በፖስታ እልክልዎታለሁ።"

"የእኔ አይደለችም" አልኩት። "አትንካባቸው።"

አሁን ከግድግዳው ማዶ ማንም የለም። ቤዝቦል ምኑም አይገባኝም፣ ግን ሬዲዮ ገዝቻለሁ። ቡድናቸው ሲሸነፍ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፤ ከዚያ የሰማኝ እንዳለ ያህል ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ያለ ምክንያት ፀጉሬን አበጥራለሁ።

ትናንት ወይዘሮ ሴኪኔ በጨው ያቆዩትን የዘንድሮ ጎመን በድስት ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲህ አያሾፉብኝም፣ እንዲያውም ቢያሾፉ እመርጥ ነበር።

"ዕቃ ያቀብሉኝ ልገልብጥልዎት" አሉኝ። በሳህን ሰጠኋቸው። ሳህኑን አዩ፣ ክፍት የሆነውን ቁም ሳጥኔን አዩ።

"ክዳን ያለው የለዎትም እንዴ? ይሽታል እኮ! ባቡር ጣቢያው አጠገብ በመቶ የን የሚሸጥ ሞልቷል፣ ነገ ይዤልዎት ልምጣ።"

"አያስፈልግም" አልኳቸው። "አለኝ። ሰው ጋ ነው።"